የአንባቢያን ጥያቄ፦ ፓርክ ውስጥ ወፍ መቁጠር ሥራ ነው እንዴ?

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ እንዴት ነዎት? ባዮሎጂ ተመርቄ ሥራ ፍለጋ ላይ ነኝ፣ እስከዛው አዲስ አበባ ፓርኮች ውስጥ ያሉ ወፎችን እየመዘገብኩ ቆይቼ ማስተርስ ስጀምር ሪሰርቼን በዛው ልሠራ አስቤያለሁ። ቤት ውስጥ ግን "ይሄን ሁሉ ዓመት የተማርከው ወፍ ልትቆጥር ነው" እያሉ ያሾፉብኛል፣ ጥበቃዎች ደሞ ባይኖኩላር ሳወጣ ያባርሩኛል። እውነት እንጀራ ይወጣዋል? ከየት ልጀምር? (ከሽሮ ሜዳ)

መልስ፦ እንጀራውን እናስቀድም። "የፓርክ ብዝሃ ሕይወት ተመራማሪ እንፈልጋለን" የሚል ማስታወቂያ እየጠበክ ከሆነ ትሸብታለህ። ይሄን የሚሠራ ሰው ደሞዙ የሚመጣው ከሌላ በኩል ነው፣ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር አለ፣ ብዝሃ ሕይወት ኢንስቲትዩት የተቀጠረ አለ፣ ፕሮጀክት ሲመጣ ዳታ ሰብሳቢ ሆኖ በአበል የሚሠራም አለ፤ ለጀማሪ የሚቀለው ይሄ የመጨረሻው ነው። ስለዚህ ቤተሰቦችህ የፈሩት ነገር አለ፣ መቁጠሩን የናቁት ግን ስላላዩት ነው።

ቆጠራ ማለት ፓርክ ዞረህ ያየኸውን መጻፍ አይደለም። አንድ ነጥብ ትመርጣለህ፣ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ሄደህ 10 ደቂቃ ሳትንቀሳቀስ ቆመህ ያየኸውንም የሰማኸውንም ትመዘግባለህ፣ ከዛ ወደሚቀጥለው ነጥብ፣ በሌላ ቀንም እዛው ነጥብ ላይ በዛው ሰዓት። ምንም ያልመጣበትንም ቀን "ዜሮ" ብለህ ጻፍ በእናትህ፣ ተማሪዎች እሱን እየዘለሉ ነው ዳታቸውን የሚያበላሹት። በክረምት ብቻ ወይ በበጋ ብቻም አይሆንም፣ ከመስከረም በኋላ ከአውሮፓ የሚመጡት እንግዶች ቁጥሩን ይቀይሩታል።

ሽሮ ሜዳ ነኝ ካልክ ደሞ እንጦጦ ከራስህ በላይ ነው፣ ጉለሌ እፅዋት ማዕከልም ሩቅ አይደለም፣ ከተማ አስተዳደሩና አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አብረው ያቋቋሙት 705 ሄክታር ቦታ። እዛ ጽድ ያለበትንና ባህር ዛፍ ብቻ የሆነውን ጎን ለጎን ማወዳደር ብቻውን ጥሩ የማስተርስ ርዕስ ይወጣዋል።

እኔን የሚያናድደኝ አንድ ነገር አለ። አቢሲኒያን ካትበርድ የምትባል ወፍ አለች፣ ግራጫ ሆና ከጭራዋ ሥር ቀላ ያለች፣ ከኢትዮጵያ ውጪ የትም የለችም፣ ጥሻ ውስጥ ተደብቃ ድምጿን ታሰማለች እንጂ ቶሎ አትታይም። ፓርክ "ሲዋብ" መጀመሪያ የሚመነጠረው ይሄ ጥሻ ነው፣ በቦታው ሳርና ዘንባባ ይገባል፣ ፎቶ ላይ በጣም አረንጓዴ ነው፣ እሷ ግን የለችም። ስለዚህ ወፏን ብቻ አትጻፍ፣ ከሥር ያለውን ቁጥቋጦም ጻፍ፣ መቼ እንደተቆረጠ ደሞ አትክልተኞቹን ጠይቅ።

ጥበቃዎቹን በተመለከተ፣ አትፍረድባቸው፣ ባይኖኩላር የያዘ ሰው ሲያዩ ሊጠይቁ ነው የተቀመጡት። ከትምህርት ክፍልህ ማህተም ያለው ደብዳቤ አጽፈህ ለፓርኩ አስተዳደር አስገባ፣ ኮፒውን ኪስህ ያዝ፣ ቤተ መንግሥት አካባቢ ያሉትን ፓርኮች ለጊዜው ተዋቸው። ሰላም ብለህ ሻይ ካልካቸው ደሞ ጉጉት የት ዛፍ ላይ እንደሚያድር የሚነግሩህ እነሱ ናቸው። ዕቃ ከተባለ 8 በ42 ባይኖኩላር (8 እጥፍ የሚያቀርብ፣ የፊት ሌንሱ 42 ሚሊ ሜትር የሆነ፤ ተውሰህም ቢሆን)፣ ደብተርና እርሳስ፣ ስልክህ ላይ ኢበርድ የሚባለውን የወፍ መመዝገቢያ አፕ ጫንበት፣ ነፃ ነው።

ጥያቄ፦ ባህር ዛፍ ወፍ ያባርራል ይባላል፣ እውነት ነው? (ከኮተቤ)

መልስ፦ ግማሹ። በምኒልክ ጊዜ ከአውስትራሊያ የመጣ ዛፍ ነው፣ ጭላት ረጅሙን መርጦ ጎጆ ይሠራበታል፣ አበባው ላይም ወፍ ይመጣል። ችግሩ ከሥሩ ነው፣ ሌላ ነገር ብዙ አያበቅልም፣ ቁጥቋጦ ውስጥ የሚኖረው ሁሉ መጠጊያ ያጣል። ግቢህ ውስጥ ካለ ቆርጠህ አትጣለው፣ አጠገቡ ወይራ ወይ ጽድ ትከልና እስኪያድግ ይቆይ።