ለ1 ዓመት ከ6 ወር ልጅ ቤት ውስጥ ምን ጨዋታ ይሆናል?

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳነብ የትልቁ ልጄ ጊዜ ትዝ አለኝ። ልጅሽ 1 ዓመት ከ6 ወሩ ነው፣ ኮንዶሚኒየም 4ኛ ፎቅ ስለሆናችሁ እንደልብ ደጅ አይወጣም፣ ስልክ ካልተሰጠው ያለቅሳል፣ መጫወቻውም ውድ ነው ብለሻል። እኛም እንደዚያው ነበርን። አሁን ትልቁ 7 ዓመቱ ነው፣ ትንሿ 3 ሊሞላት ነው። ከሁለቱ ያየሁትን ልንገርሽ።

በዚህ ዕድሜ ልጅ የሚወደው መክተትና ማውጣት ነው። ለትልቁ የሚዘፍን መኪና ገዝቼለት፣ እሱ ግን ወጥ ቤት ገብቶ ድስት ሲከድንና ሲከፍት ይውል ነበር። ስለዚህ ለትንሿ ምንም አልገዛሁም። ባዶ የወተት ዱቄት ጣሳ አጠብኩና የላስቲክ ክዳኑን መሀሉ ላይ በቢላ ሰነጠቅኩት፤ ከዚያ የልብስ መቆንጠጫዎች ሰጠኋት። መጀመሪያ ቀን መቆንጠጫውን በአግድሙ ይዛ ስትገፋው አልገባ አላት። ተናደደች፣ ዓይን ዓይኔን አየችኝ። እጄ እየበላኝ ዝም አልኩ። በ3ኛው ቀን ገደማ አንጓዋን ዘወር አድርጋ አቆመችውና ጣሳው ውስጥ ቃ! ብሎ ወደቀ። ያን ቀን ስንት ጊዜ አስወጥታ እንደከተተችው አትጠይቂኝ። ቶሎ ብለሽ አታግዢው፤ እጁና ዓይኑ አብረው መሥራት የሚለምዱት ያኔ ነው።

አጠገቡ ቁጭ ብለሽ የሚያደርገውን በአጭሩ ተናገሪለት፦ «ገባ! ወጣ! የት ሄደ? ይኸው!» ትንሿ «ገባ» ማለትን የለመደችው ከዚያ ጣሳ ነው። ልብስ ስታጥፊም ካልሲዎቹን ደባልቀሽ «የአባባ የቱ ነው?» በይው። መጀመሪያ ይበትነዋል፣ ግን ቆይቶ ይለያል።

ውሃም በጣም ይወዳሉ። ሳፋ ላይ ሁለት ጣት የሚሆን ውሃ፣ ኩባያና የሻይ ማጥለያ ይበቃል። ግን ከጎኑ ንቅንቅ እንዳትዪ፤ ትንሽ ልጅ በዚያች ውሃም ሊሰምጥ ይችላል። በር ከተንኳኳ አንሺውና አብራችሁ ሂዱ፣ ሲጨርስም ውሃውን ወዲያው ድፊው።

ጥራጥሬ አትስጪው። እኔ ለትልቁ ሽምብራ ከኩባያ ወደ ኩባያ እንዲገለብጥ ሰጥቼው፣ ዘወር ከማለቴ አንዷን አፍንጫው ውስጥ ከተታት። ራሴ ላወጣት ስሞክር ይባስ ወደ ውስጥ ገፋኋት፣ እያለቀሰ ጤና ጣቢያ ወስደን በመሣሪያ አወጡለት። እስካሁን ሳስበው ይዘገንነኛል። የሃይላንድ ክዳን፣ ዶቃ፣ ሳንቲም፣ የሰዓት ባትሪ በፍጹም አጠገቡ አይኑር። እኔ የሽንት ቤት ሶፍት በሚጠቀለልበት የካርቶን ቱቦ ነው የምለካው፤ በቀዳዳው ካለፈ ለሱ አይሆንም። የልብስ መቆንጠጫውም ስለሚያልፍ፣ አጠገቡ ቁጭ ብለሽ ብቻ ስጪው፣ ሲጨርስ አንሺው።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ ለ1 ዓመት ልጅ ስክሪን አይመክርም። ሰውነቱን ግን በቀን ቢያንስ 180 ደቂቃ፣ ተከፋፍሎም ቢሆን፣ ማንቀሳቀስ አለበት ይላል። ብዙ ይመስላል እንጂ ፍራሽ መሬት አውርደሽ ትራስ ላይ ሲወጣና ሲወርድ፣ በነጠላ ተሸፍነሽ «አኩኩሉ» ስትዪው፣ በሙዚቃ ሲጨፍር ሳታውቂው ይሞላል። ስልኩን የሚከለክል ሰው ደግሞ መጀመሪያ ራሱ ስልኩን ማስቀመጥ አለበት፤ እኔ የቻልኩት ቁም ሳጥን አናት ላይ አድርጌ ነው። ትንሿ ለ4 ቀን ያህል አለቀሰች፣ ከዚያ መጠየቋን ተወች።

ስሙን ስትጠሪው የማይዞር ከሆነ፣ ወይም የሚፈልገውን በጣቱ የማያሳይሽ ከሆነ ግን ጨዋታ ብቻ አይበቃም፣ ሳትቆዪ ለሕፃናት ሐኪም አሳዪው። «ወንድ ልጅ ይዘገያል» የሚሉሽን አትስሚ።

ነገ ጠዋት በጣሳው ጀምሪ። ክዳኑን ስትሰነጥቂ ሰፋ አድርጊው፣ ጠባብ ከሆነ ቶሎ ተስፋ ይቆርጣል። እያደር ማጥበብ ከፈለግሽ ሌላ ክዳን ትጠቀሚያለሽ።