መልስ፦ ማታ የተጠጣ አረቄ ጠዋት ትንፋሽ ላይ ይገኛል?

ወንድሜ፣ ደብረ ማርቆስ ሰርግ ላይ አረቄ ጠጥተህ ብታመሽ፣ ጠዋት ወደ አዲስ አበባ ስትነዳ የትራፊክ ፖሊስ መሣሪያ ይይዘኛል ወይ፣ ቡናና ሎሚስ ያድናሉ ወይ ብለህ ጠይቀሃል።

አዎ፣ ሊይዝህ ይችላል። መሣሪያው የሚለካው የአፍ ሽታ አይደለም። አልኮል ከደም ወደ ሳንባ ያልፍና ከትንፋሽ ጋር ይወጣል፤ የሚያነበው እሱን ነው። ሎሚና ማስቲካ ሽታውን ቢሸፍኑ እንጂ ቁጥሩን አይቀንሱም። ቡናም ያው ነው፤ ነቃ ያለ ሰካራም ያደርግሃል። አልኮሉን የሚያጠፋው ጉበት ነው፣ እሱ ደግሞ አይቸኩልም። ከደም የሚቀንሰው በአማካይ በሰዓት 0.15 ግራም በሊትር አካባቢ ነው። እኩለ ሌሊት 1.5 ግራም ይዞ የተኛ ሰው ንጋት 12 ሰዓት ላይ ገና 0.6 ገደማ ይቀረዋል።

ጠላ ቢያንስ ሆድ ሞልቶ ያስቆምሃል። ዳግም አረቄ ግን ጥንካሬው የውስኪ ያህል ነው። ደግሞ በሰርግ ቤት «በሞቴ» እየተባለ የተቀዳውን ማን ይቆጥራል?

ካስቆሙህ በእርጋታ ንፋ። አሁን ገና ተጎንጭተህ ከሆነ አፍ ውስጥ የቀረው ቁጥሩን ከፍ ሊያደርገው ስለሚችል፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ እንዲደገም ጠይቅ።

እኔን ግን ከኬላው ይልቅ የሚያሳስበኝ ከደጀን በኋላ ያለው የዓባይ በረሃ ቁልቁለት ነው። ኩርባው ላይ ከባድ ተሳቢ ድንገት ከፊትህ ይደቀናል። ያልጠጣ ሰው ይንዳ፣ ካልሆነም ከሰዓት ተነሳ። ሰርገኞቹ እንደሆኑ ምሳ ሳትበላ አይለቁህም።