የቲዩብ አምፕ ጩኸት፦ ቲዩብ ከመግዛትህ በፊት

ሰላም ወንድሜ፣ እ.ኤ.አ. በ1965 የተሠራው ፌንደር ትዊን ሪቨርብ የጊታር አምፕህ (ድምፅ ማጉያህ) ሞቅ ሲል በኃይል «እምምም» ማለቱን ጽፈህ ቲዩቦቹን (ድምፁን የሚያጎሉትን የመስታወት ቱቦዎች) ሁሉ ልቀይር ወይ ብለሃል። አትቸኩል። የጊታሩን ገመድ ንቀልና ቮልዩሙንም ሪቨርቡንም ዜሮ አድርግ። ጩኸቱ ከጠፋ ችግሩ ከጊታሩ፣ ከገመዱ ወይም ከፕሪአምፑ (የጊታሩን ደካማ ድምፅ መጀመሪያ ከሚያጎላው ክፍል) ነው።

ካልጠፋ በጆሮህ ለየው። የአገራችን መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ ያረጀ የፊልተር ኮንደንሰር (የአምፑን ውስጥ ኃይል የሚያረጋጋ ዕቃ) 100 ኸርዝ ያሰማል፤ ስድስተኛውን ክር ሦስተኛው ፍሬት ላይ ይዘህ ስትመታው ከሚወጣው የጂ ኖታ ጋር ይቀራረባል። ከዚያ በአንድ ኦክታቭ ከወረደ (50 ኸርዝ ከሆነ) የቲዩቦቹን ማሞቂያ መስመርና ኤርዙን ጠርጥር።

አምፑ በዚህ ዕድሜው ላይ ሲሆን እኔ ቀድሜ የምጠረጥረው ኮንደንሰሮቹን ነው፤ ውስጣቸው ያለው ፈሳሽ ይደርቃል። ከሻሲው (ዕቃዎቹ ከተገጠሙበት የብረት ሣጥን) ውጭ በኩል በብረት ክዳን ሥር ተደርድረዋል፤ ያበጠ ወይም ጫፉ ላይ ያንጠባጠበ ካለ እሱ ነው። ግን እባክህ ተጠንቀቅ! ከሶኬት ተነቅሎም ከ400 ቮልት በላይ ይዘው ሊቆዩ ይችላሉ፣ ይገድላል። ባዶ መሆናቸውን በቮልት መለኪያ ሜትር ሳታረጋግጥ እጅህን አታስገባ። ካልለመድክ የቲዩብ ዕቃ የሚያውቅ ቴክኒሻን ይሥራው፤ ሲቀይርም ሁሉንም አንድ ላይ፣ ፕላስና ማይነሱን እያየ።