የኩላሊት ጠጠር በሎሚ ይሟሟል ወይ?

ጥያቄ፦ ዶክተር ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ባቲ የምኖር የ36 ዓመት ነጋዴ ነኝ። ሌሊት ግራ ጎኔን ይዞኝ እስከ ብሽሽቴ ወርዶ አስጮኸኝ። በአልትራሳውንድ 5 ሚሊ ሜትር ጠጠር አለህ ተባልኩ። ጎረቤቶቼ «ሎሚና የአብሽ ውሃ በባዶ ሆድህ ጠጣ፣ ያሟሟዋል» አሉኝ። ወተትም ትቻለሁ። እውነት ይሟሟል?

መልስ፦ አብሽር ወንድሜ። መሬት ላይ የሚያንከባልል ሕመም ነው፣ ይገባኛል። ግን እውነቱን ልንገርህ፣ አብዛኛው የኩላሊት ጠጠር አይሟሟም። ከ10 ጠጠር 8ቱ ገደማ ካልሲየም ያለበት ነው፤ እሱን ሎሚም አብሽም የፋርማሲ ክኒንም አያሟሟውም። በመድኃኒት የሚሟሟው ዩሪክ አሲድ የሚባለው ዓይነት ነው። እሱም ሐኪም እንደ ፖታሲየም ሲትሬት ያለ የሽንትን አሲድነት የሚቀንስ መድኃኒት አዝዞ፣ ሽንትህን እያስመረመረ፣ ሳምንታት አንዳንዴም ወራት ወስዶ ነው።

ደስ የሚለው ያንተ ትንሽ መሆኑ ነው። 5 ሚሊ ሜትር የሆነ ጠጠር ብዙውን ጊዜ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከሽንት ጋር በራሱ ይወጣል። ሽንትህን በንጹህ ሻሽ አጥልለው፤ ጠጠሩን ካገኘኸው ለሐኪምህ ውሰድለት፣ ዓይነቱ የሚታወቀው ሲመረመር ነው።

እንዴት ተፈጠረ? የባቲ ሰው ስለሆንክ የአፋርን ጨው ታውቀዋለህ፦ ውሃው በፀሐይ ይተንና ጨው ይቀራል። ኩላሊትም ውስጥ የሚሆነው ከዚህ ብዙ አይርቅም። ሰኞ ገበያ በዚያ ሙቀት ስትውል ውሃህ በላብ ያልቃል፣ ሽንትህ ይወፍራል፣ ውስጡ ያለው ካልሲየምና ኦክሳሌት የሚባል፣ ከምግብም የሚገባ ንጥረ ነገር መሟሟት ያቅተውና እንደ አሸዋ ቅንጣት ይረጋል፣ ቅንጣቱ ላይ ሌላ እየተደረበ ጠጠር ይሆናል። ገበያ ላይ ሽንት ቤት የለም ብለው ቀኑን ሙሉ ውሃ ሳይቀምሱ የሚውሉ ነጋዴዎች አሉ፤ እባክህ አንተ እንደዚያ አታድርግ። በቀን 2 ሊትር ተኩል ያህል ሽንት እስክትሸና ጠጣ። ሽንትህ ነጣ ካለ በቂ ጠጥተሃል ማለት ነው።

ሎሚውን አትተወው፣ ስኳር ሳትጨምር ውሃህ ውስጥ ጭመቀው። ሲትሬት የሚባል ንጥረ ነገር ስላለው አዲስ ጠጠር እንዳይፈጠር ያግዛል። ወተት መተውህ ግን ስህተት ነው! የወተቱ ካልሲየም ከምግብ ጋር ሲገባ ኦክሳሌቱን አንጀት ውስጥ ይዞ ያስወግደዋል። የምትቀንሰው ጨው ነው።

ከሕመሙ ጋር ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ከመጣ፣ ሽንት ከከለከለህ፣ ወይም ትውከት ውሃ እንኳን አላስቀምጥ ካለህ እስኪነጋ አትጠብቅ። በተዘጋ ኩላሊት ውስጥ የገባ ኢንፌክሽን ይገድላል፤ በዚያው ሌሊት ሆስፒታል ግባ፣ ደሴ ድረስም ቢሆን።