ጉንፋን በያዘው ቁጥር ጆሮውን የሚያመው ለምንድን ነው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የ20 ወር ወንድ ልጅ አለኝ። ጉንፋን ሲይዘው በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን ጆሮውን ይዞ ማልቀስ ይጀምራል። ባለፈው ትኩሳቱ 39.5 ደርሶ፣ ሁለቱም ጆሮዎቹ ኢንፌክሽን አላቸው ተብሎ አንቲባዮቲክ ታዘዘለት። አሁን ደግሞ አንዱን ጆሮውን ብቻ ነው ያመመው፤ ትኩሳቱም 38 ነበር። ሌላ ሐኪም አየውና “ቫይረስ ሊሆን ይችላል፣ ሁለት ሦስት ቀን እንጠብቅ” ብሎ የሕመም ማስታገሻ ብቻ ሰጠን። የትኛውን ልመን? እናቴ ደግሞ “ስታጥቢው ውሃ ገብቶበት ነው” ትለኛለች።

መልስ፦ ከእናትዎ ልጀምር። ውሃው የለበትም። ሲያጥቡት የገባ ውሃ ታምቡሩ ጋ ሲደርስ ይቆማል፤ ታምቡሩ እስካልተቀደደ ድረስ ማለፊያ የለውም። ልጅዎን የሚያመው ከታምቡሩ ጀርባ ያለው መሃለኛው ጆሮ ነው። ወደዚያ የሚያስገባው መንገድ ደግሞ በአፍንጫ በኩል ነው።

የአፍንጫን የኋላ ክፍል ከመሃለኛው ጆሮ ጋር የሚያገናኝ ቀጭን ቱቦ አለ። አውሮፕላን ውስጥ ጆሮዎ ተደፍኖ፣ ምራቅ ሲውጡ ጧ ብሎ የሚከፈትልዎት እሱ ነው። አየር ያስገባል፣ የተጠራቀመ ፈሳሽ ወደ ጉሮሮ ያወርዳል። የአዋቂ ቱቦ ረዘም ያለና ቁልቁል የተዘቀዘቀ ነው። የሕፃን ግን አጭር፣ ጠባብና ጋደም ያለ ነው።

ጉንፋን ሲመጣ ቫይረሱ የአፍንጫውን ውስጥ ያሳብጣል፤ የቱቦው አፍም አብሮ ያብጥና ይዘጋል። ቱቦው ውስጥ ንፍጥ እየጠረጉ የሚያስወጡትን ፀጉር መሰል ጥቃቅን ነገሮች ደግሞ ከሥራ ውጭ ያደርጋቸዋል። ውስጥ የቀረው አየር ቀስ በቀስ ወደ ሰውነት ይሰርጋል። ያኔ ታምቡሩ ወደ ውስጥ ይሳባል፣ ፈሳሽም ይጠራቀማል። ከአፍንጫ ጀርባ ማንንም ሳይነኩ ይኖሩ የነበሩ ባክቴሪያዎች ይህን ሲያገኙ ሰተት ብለው ይገባሉ። ይህ ሁሉ የቀናት ሥራ ነው። የልጅዎ ሕመም ሦስተኛና አራተኛ ቀን እየጠበቀ የሚመጣው ለዚህ ነው።

ስለዚህ “ቫይረስ ነው ወይስ ባክቴሪያ?” ሲባል፣ ብዙ ጊዜ ሁለቱም ናቸው። ከታመመ ጆሮ የተቀዳ ፈሳሽ ሲመረመር አብረው ይገኛሉ፤ አንዳንዴ ደግሞ ቫይረሱ ብቻውን ይገኛል። አርኤስቪ (መተንፈሻ አካልን የሚያጠቃ ቫይረስ)፣ ራይኖቫይረስ፣ አዴኖቫይረስና ኢንፍሉዌንዛ በዚህ የታወቁ ናቸው። ኩፍኝም አለበት፤ ኩፍኝ ከያዛቸው 10 ልጆች አንዱን ያህል ጆሮውን ያመዋል።

ወደ ሐኪሞቹ ስመጣ፣ ሁለቱም ልክ ናቸው። ታምቡር አይቶ ይሄ የቫይረስ ነው፣ ያ የባክቴሪያ ነው ማለት የሚችል ሐኪም የለም። (መቅላቱ ብቻውን እንኳ አያስተማምንም። የሚያለቅስ ሕፃን ታምቡሩ በለቅሶው ብቻ ይቀላል። እኛ የምንፈልገው ወደ ውጭ ማበጡን ነው።) ስለዚህ የምንወስነው በዕድሜውና በሕመሙ ክብደት ነው። ከ6 ወር በታች ከሆነ አንጠብቅም። ከሁለት ዓመት በታች ሆኖ ሁለቱም ጆሮዎቹ ከታመሙ፣ ትኩሳቱ 39 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ወይም ከጆሮው መግል ከወጣ አንቲባዮቲክ እንሰጣለን። ያለፈው ጊዜ እንዲህ ነበር። የአሁኑ አንድ ጆሮ ነው፣ ቀለል ያለም ነው። እንዲህ ያለው ከ48 እስከ 72 ሰዓት ቢጠበቅ አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ይሻለዋል። አንቲባዮቲክ ቫይረስን አይነካም፤ ሳያስፈልግ ሲሰጥ ትርፉ ተቅማጥና መድኃኒት የለመደ ባክቴሪያ ነው።

እስከዚያው ግን በሕመም አይሠቃይ። ፓራሲታሞል በኪሎው ልክ ይስጡት፤ 6 ወር ካለፈው አይቡፕሮፌንም ይሆናል። አስፕሪን ለልጅ አይሰጥም። ጆሮው ውስጥ ዘይትም ሆነ ሌላ ነገር አይጨምሩ። በሦስት ቀን ውስጥ ካልተሻለው ወይም ከባሰበት ይመልሱት። ከጆሮው ጀርባ ካበጠ፣ ጆሮው ወደ ፊት ከተገፋ፣ ፊቱ በአንድ ወገን ከጠመመ፣ አንገቱ ከደረቀ ወይም ከፈዘዘ ግን ሌሊትም ቢሆን ይውሰዱት።

ትምባሆ የሚያጨስ ሰው ቤት ውስጥ ካለ ውጭ ያጭስ፤ ቢያቆም ደግሞ ይሻላል። ጭሱ ያንኑ ቱቦ ያስቆጣል። ጡጦ ተጋድሞ አይጥባ። የኢንፍሉዌንዛና የኒሞኮካል (የሳንባ ምችና የጆሮ ሕመም የሚያመጣ ባክቴሪያ) ክትባቶች የጆሮ ሕመሙን በተወሰነ ደረጃ ይቀንሳሉ፤ መከተቡን ያረጋግጡ። ሕፃናት ማቆያ የሚውል ከሆነ ጉንፋኑ ይደጋገማል፤ እሱን ብዙም ማስቀረት አይቻልም። ቱቦው ከዕድሜው ጋር እየረዘመና እየተዘቀዘቀ ሲሄድ ነገሩ ይቀንስለታል።

አንድ የቀረኝ ነገር አለ። ሕመሙ ካለፈ በኋላ ፈሳሹ ለሳምንታት ሊቆይ ይችላል፤ አብዛኛውን ጊዜ በሦስት ወር ውስጥ ይጠፋል። እስኪጠፋ ድረስ ድምፅ ይታፈንበታል። ልጅዎ አሁን ቃላት የሚለቅምበት ዕድሜ ላይ ነው። ከጀርባው ሆነው ቀስ ብለው ሲጠሩት ካልዞረ፣ ወይም ከሦስት ወር በኋላም ፈሳሹ ካለ፣ የመስማት ምርመራ ይደረግለት።