መልስ፦ የወሎው «ኸይር» ከግዕዙ «ኄር» የመጣ ነው?

አማትሽ «ኸይር» ሲሉ ሰምተሽ ቃሉ ከግዕዙ «ኄር» የመጣ መስሎሽ ጠይቀሽኛል። አይደለም፣ ከዓረብኛ ነው። የደሴዋ አማትሽ «ኸይር ሰው ነው» ሲሉ «ደግ፣ መልካም ሰው ነው» ማለታቸው ነው። ቃሉ ወደ ወሎ አማርኛ የገባው ከእስልምና ጋር ነው።

ግን «ኄር»ን መጠርጠርሽ ያለ ምክንያት አይደለም። በግዕዝ «ደግ፣ ቸር» ማለት ነው። የዐቢይ ጾም ስድስተኛው እሑድ «ገብር ኄር» ይባላል፤ ስሙ ማቴዎስ 25 ላይ በመክሊቱ ምሳሌ ያለውን ደግ አገልጋይ ማለት ነው። ግዕዝም ዓረብኛም ሴማዊ ስለሆኑ ሁለቱ ቃላት እህትማማች ናቸው። አንዱ ሌላውን አልወለደም። በአንድ ቤተሰብ ሙስሊምም ክርስቲያንም በሚገኝበት ወሎ ሁለቱ ጎን ለጎን መሰማታቸው በጣም ያስደስተኛል።

አንድ ነገር ግን ልብ በይ፤ እንግዳ ሰው እዚህ ጋ ሲደናገር ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። «ኸይር» ሁልጊዜ ስለ ደግነት አይደለም። በሌሊት ስትደውዪ አማትሽ «ኸይር ነው?» ካሉሽ «ደህና ነው? ክፉ ነገር የለም?» ማለታቸው ነው። ቶሎ ብለሽ «ኸይር ነው» በያቸው። ዝም ካልሽ ይደነግጣሉ።