ለጨጓራ ባክቴሪያ የታዘዘ መድኃኒት ሆድ ሲነፋና ሲያስቀምጥ

እህታችን፣ በውይይት ቡድናችን ሁለት ነገር ጠይቀዋል። አንደኛው፣ ኤች ፓይሎሪ ለሚባለው የጨጓራ ባክቴሪያ የታዘዘልዎትን መድኃኒት ከጀመሩ ወዲህ ሆድዎ እየተነፋና እያስቀመጠዎት ስለሆነ ያቋርጡት ወይ የሚል ነው። ሁለተኛው፣ ታላቅ እህትዎ ዓምና ታክመው ሳለ የዘንድሮው የደም ምርመራ አሁንም «ፖዘቲቭ» ስላላቸው መድኃኒቱን እንደገና ይውሰዱ ወይ የሚል ነው። ፒያሳ አካባቢ ባለ መድኃኒት ቤት ለዓመታት የሠራሁ ፋርማሲስት ነኝና የማውቀውን ልንገርዎ።

መድኃኒቱን በራስዎ ውሳኔ አያቋርጡ። ይህ ባክቴሪያ የጨጓራን ግድግዳ በሸፈነው ዝልግልግ ፈሳሽ ውስጥ ተሸሽጎ፣ ዩሪያን ወደ አሞኒያ እየለወጠ በዙሪያው ያለውን አሲድ ስለሚያረክስ፣ በአንድ መድኃኒት ብቻ በቀላሉ አይጠፋም፤ አሲድ የሚቀንሰው ኦሜፕራዞል ከሁለቱ አንቲባዮቲኮች፣ ከአሞክሳሲሊንና ከክላሪትሮማይሲን ጋር በአንድነት፣ ብዙውን ጊዜ ለ14 ቀናት የሚታዘዙትም ለዚህ ነው። ሆኖም አንቲባዮቲኮቹ ወዳጅና ጠላት ስለማይለዩ፣ አንጀት ውስጥ ሆነው የምንበላውን የሚያብላሉልንንና ጎጂ ተሕዋስያንን የሚከላከሉልንን ባክቴሪያዎች ጭምር ይመታሉ። የሆድዎ መነፋትና ተቅማጡ በአብዛኛው ከዚሁ የመጣ ነው፤ አፍ የሚያመረው ደግሞ ክላሪትሮማይሲን ነው። ሕክምናው ሲያበቃ አብዛኞቹ የአንጀት ባክቴሪያዎች በሳምንታት ወይም በወራት ውስጥ ያገግማሉ። ነገር ግን ተቅማጡ ከበረታ፣ ደም ከቀላቀለ ወይም ትኩሳት ካስከተለ፣ ወይም ሰገራዎ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ቀጠሮዎን ሳይጠብቁ ዛሬውኑ ሐኪም ጋ ይሂዱ።

ሻል ሲላቸው ያቋረጡ ሰዎች ግማሹ ያልተነካ የእንክብል ማሸጊያ ይዘው መጥተው «የተረፈውን ሲያመኝ ልዋጠው?» ይሉኛል፤ ገንዘብ ያጠራቸው ደግሞ የሳምንቱን ብቻ እንድሰጣቸው ይለምኑኛል። ችግራቸው ይገባኛል፤ ይሁን እንጂ ሕክምናው በግማሽ ሲቀር የሚተርፈው መድኃኒቱን የሚቋቋመው ባክቴሪያ ነው፤ ቀጣዩ ሕክምና ከበድ ይላል፣ አንጀትም ዳግመኛ ይጎዳል።

እርጎ እንዲጠጡ የመከሩዎት የቡድናችን አባላት አልተሳሳቱም። ብቻ ወተቱ አስቀድሞ የተፈላ ይሁን፣ ከአንቲባዮቲኩም ሁለት ሰዓት ያህል ያራርቁት። የእንጀራው ሊጥ ቢቦካም ባክቴሪያዎቹ ምጣድ ላይ ስለሚሞቱ ከእንጀራ የሚገኘው ጥቅም ሌላ ነው፤ በጤፉ፣ በምስሩና በሽሮው ውስጥ ያለው ፋይበር የአንጀት ባክቴሪያዎች ምግብ ነው። ተልባ መጠጣትና በርበሬን መተው ስሜቱን ያስታግሱ ይሆናል እንጂ ኤች ፓይሎሪን አያጠፉም። አውስትራሊያውያኑ ሐኪሞች ባሪ ማርሻልና ሮቢን ዋረን እ.ኤ.አ. በ2005 የኖቤል ሽልማት የተሰጣቸው ይህ ባክቴሪያ ጨጓራን እንደሚያቆስል በማሳየታቸው ነው።

የታላቅ እህትዎ ጉዳይ ይበልጥ ያሳስበኛል። የደም ምርመራው የሚያየው ባክቴሪያውን ሳይሆን፣ ሰውነት ባክቴሪያውን ለመከላከል የሚሠራውን አንቲቦዲ ነው፤ አንቲቦዲ ደግሞ ባክቴሪያው ከጠፋ በኋላም ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ስለሚቆይ የዳነውን ካልዳነው አይለይም። በዚህ ውጤት ብቻ ሳያስፈልጋቸው አንቲባዮቲክ የሚደጋግሙ ሰዎች ስለማይ ከልቤ አዝናለሁ። የሚያስፈልጋቸው የሰገራ አንቲጅን (የባክቴሪያውን አካል በሰገራ ውስጥ የሚፈልግ) ወይም የትንፋሽ ምርመራ ነው፤ ይህም አንቲባዮቲክ ካበቃ ቢያንስ ከ4 ሳምንት በኋላ፣ ኦሜፕራዞልም በሐኪም ምክር ለ2 ሳምንት ከቆመ በኋላ መደረግ አለበት፤ አለዚያ ባክቴሪያው እያለ «ኔጌቲቭ» ሊል ይችላል። አሁንም ካለባቸው ሐኪሙ ያንኑ ክላሪትሮማይሲን ከመድገም ይልቅ ሌላ ጥምረት መምረጥ ስለሚኖርበት፣ ዓምና የወሰዱት መድኃኒት የተጻፈበትን ወረቀት ወይም ባዶ ማሸጊያውን ይዘው ይሂዱ።